ከየት መጣ ቢሉሽ

ካርቱም፣ ጥቅምት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ እንከን የለም። ሙቀቱ ግን ጥቅምት መግባቱን ገና አልሰማም። ዛሬ የማርያም ዕለት ስለሆነ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰን፣ ስምሽን አስጠርተን ነው የተመለስነው።

ስልክ ላይ የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ስናወራ ወይ የፖርት ሱዳን መስመር ይቆረጣል፣ ወይ አንቺ «እሺ አባባ፣ ገባኝ» ብለሽ ትቆርጪዋለሽ። ደብዳቤ አይቆረጥም።

ነገሩ ያው የመኪናው ነው። ጉዞውን አልከለከልኩሽም፣ አልከለክልሽምም። እናትሽ ስትቆጣ «ተያት፣ ትሂድ፤ እኛ በእግራችን የመጣንበትን አገር እሷ በመኪና ትየው» ያልኳት እኔ ነኝ። ከካርቱም ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባትና መተማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፤ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ፣ በኦሞራቴ ወጥታችሁ፣ የቱርካናን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ናይሮቢ። ከ3000 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። ካርታ ገዝቼ በእርሳስ አስምሬዋለሁ። ማታ ማታ ከእናትሽ ጋር እያየን እዚህ ያድራሉ፣ እዚህ ምሳ ይበላሉ እንላለን።

ያስጨነቀኝ ያ የኒያላው ልጅ አገኘሁላችሁ ያለው ላንድክሩዘር ነው። «አባባ፣ ዋጋው እኮ የገበያው ግማሽ ነው፤ ቪ ኤይት ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም» አልሽኝ። ከየት መጣ ስልሽ ዝም አልሽ። ቆይተሽ «ከምዕራብ» አልሽ። ልጄ፣ አንቺ ካርቱም ያደግሽ ነሽ። እንዲህ ያለውን መኪና ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው አታጪውም፤ «ቦኮ ሐራም» ነው የሚለው። ሊብያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፈረሰች ወዲህ በረሃውን አቋርጦ፣ ያለ ቀረጥና ያለ ሰነድ ዳርፉር የገባ መኪና ነው። አሁን ደግሞ መንግሥት ከነሐሴ ጀምሮ በዳርፉር መሣሪያውንም እንዲህ ያለውን መኪናም ልሰብስብ ብሎ ተነሥቷል። የረከሰው ለዚህ ነው። የያዘው ሰው ከእጁ ሊያወጣው ቸኩሏል፤ አንቺ ደግሞ ልትቀበዪው ቸኩለሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እናትሽ ስትነግርሽ ነው ያደግሽው።

ሰው አስተማማኝ መኪና ሲል ሞተሩን ያስባል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እናት የልጇን ሳል እንደምታውቅ አውቀዋለሁ። ግን ሞተር ቢታመም ይድናል። ቴስታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ፖምፓው ይታጠባል፣ ማታ ተነሥቶ ይሄዳል። ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ሐሰት ከሆነ የትኛው መካኒክ ያድነዋል? ገላባት ላይ ፖሊሱ ወረቀትሽን በአንድ እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ያነበዋል። እሱን ብታልፊ ድልድዩን ተሻግረሽ መተማ ላይ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ያነበዋል። ልጁ «በቱርካና በኩል እኮ ጉምሩክ የለም» ብሎሻል አሉ። እውነቱን ነው፤ ኢሌሬት ላይ የፖሊስ ጣቢያ እንጂ ጉምሩክ የለም። ወረቀቱን የሚመታላችሁ ናይሮቢ ነው። ናይሮቢ ደግሞ ቢሮ አላት፣ ቢሮው ውስጥም መነጽር ያደረገ ሰው አለ። ያን መንገድ የመረጣችሁት ለሐይቁ ውበት ነው ወይስ ለዚህ? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪ።

ማንኛውንም መኪና ከመግዛትሽ በፊት የምታደርጊውን ልንገርሽ። በፊተኛው የቀኝ ጎማ አካባቢ፣ ሻንሲው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የሽቦ ብሩሽና ናፍታ የነካ ጨርቅ ያዢ። ጭቃውንና ቅባቱን ጠርገሽ የእጅ ባትሪ አብሪበት፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ በጎን። የፋብሪካ ቁጥር አሰላለፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥልቀቱ እኩል ነው፤ በዙሪያው ያለው ብረት ከሌላው ብረት አይለይም። በሞረድ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነ ግን ጣትሽን ስታሳልፊበት ጎድጎድ ይላል፤ ቀለሙም እዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ነው። ሻጩ «ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ?» ካለሽ ብሩሽሽን ሰብስበሽ ሂጂ። ዞረሽ አትዪ።

እኔን ብትጠይቂኝ የምገዛልሽ አገር ቤት ሃርድ ቶፕ የሚሉትን ነው፤ ኤችዜድጄ 78። እዚህ ፒካፕ ወንድሙን «ታትቸር» የሚሉት፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ የምትፈሪው። ሞተሩ 4.2 ሊትር ናፍታ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ቶዮታ ይህን ሞተር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራው የኖረው ሰው ስለማይተወው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጣለው የአሜሪካ ማዕቀብ በዚህ ወር መጀመሪያ ሲነሣ ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሰፈር ያሉት የወርሻ ሰዎች ሊደንሱ ምንም አልቀራቸው። የዚህ መኪና ዕቃ ግን በማዕቀቡም ዘመን በዱባይ በኩል ሲመጣ ነበር፤ ጠፍቶ አያውቅም። ገዳሪፍ ታገኚዋለሽ፣ ጎንደር ታገኚዋለሽ፣ አርባ ምንጭ ታገኚዋለሽ፣ ማርሳቢት ታገኚዋለሽ። የቪ ኤይቱን ዕቃ ለማግኘት አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መድረስ አለብሽ፤ መኪናው ደግሞ የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው።

ልጁ የተናገረው አንድ እውነት አለ፤ አልክድም። ተርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ሲወጣ ይደክማል። በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ያጣል። መተማ ቆላ ናት፤ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ያ ሁሉ ዳገት ነው። ይድከም። በሁለተኛ ማርሽ እየተነፈሰ ይወጣዋል፤ አንቺም አገሩን እያየሽ ትወጪያለሽ። ያ የቪ ኤይቱ ባለ ሁለት ተርቦ ሞተር ግን ንጹሕ ናፍታ ካላገኘ ኢንጀክተሩ ይበላሻል። ኦሞራቴ ላይ ናፍታ የሚቀዳው ከበርሜል በጀሪካን ነው፤ ውኃው ከነዝገቱ አብሮ ይገባል። የእኔ አሮጌ ሞተር ፊልትሮውን አውጥተሽ ውኃውን ካፈሰስሽለት ሌላ ነገር አይጠይቅሽም።

ስለ ናፍታ ካነሣሁ፣ ከኮንሶ ወዲያ እስከ ማርሳቢት ሰባት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ማደያ እንደሌለ ቁጠሪው። በዚያ ድንጋይና አሸዋ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር እስከ 18 ሊትር ይጠጣል። ሃርድ ቶፑ ባለ ሁለት ሰልባትዮ ከሆነ 90ና 90 ይይዛል፤ 180 ሊትር ነው። አስቢው፤ ይደርሳል፣ ትንሽም ይተርፋል። ይህን የምነግርሽ ቁጥር ስለምትወጂ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ የአውቶቡስ ታርጋ ቁጥር ደምሪ እያልኩሽ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ከእኔ ቀድመሽ ደመርሽ፤ አስፋልቱ መሀል ቆመሽ ሳቅሽ። መድኃኔ ዓለም ያችን ሳቅሽን አይውሰድብኝ።

መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ፣ ልጄ። ጦቢያን ይዞት ሄዶ በሰላም የመለሰው ሩፋኤል አንቺንም ይዞሽ ይሂድ።

ስለ ጭነትም አንድ ልንገርሽ። እኔ ገዳሪፍ ስደርስ እንጀራ የጀመርኩት ቤድፎርድ ሎሪ ላይ ረዳት ሆኜ ነው። የገዳሪፍ መሬት ጥቁር መረሬ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያኔ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ ሙልጭ ያለ አፈር ነበር። አንድ ካፊያ ከወረደ ጎማው ጭቃውን ይለብስና ጎማ መሆኑ ይቀራል፤ ሎሪው እንደ ቆመ ይሰምጣል። ሾፌሬ የሸንዲ ሰው ነበር፤ ኡስታ እንለው ነበር። ነጋዴዎቹ ጫንልን፣ ጨምርልን ሲሉት ባሌስትራውን ጎንበስ ብሎ አይቶ «ሐላስ» ካለ አለቀ፤ አንዲት የማሽላ ከረጢት አይጨምርም። ሌሎቹ ሎሪዎች በእጥፍ ጭነው ይወጡ ነበር። መንገድ ላይ ባሌስትራ ሰብረው ዝናብ ሲወርድባቸው፣ እኛ ሻይ አቅምሰናቸው እናልፋለን። ኡስታ እኔን አማርኛ ተናጋሪ ስደተኛ ብሎ አንድም ቀን አልናቀኝም። ካቢኑ ውስጥ ያስተኛኝ ነበር፤ እሱ ውጭ አንገረብ ላይ ይተኛል። ነፍሱን ይማረው። ገዳሪፍ ስትደርሱ ጊዜ ካገኘሽ የሎሪ ተራውን እለፊበት፤ ምንም አታደርጊ፣ እለፊበት ብቻ።

የአያትሽ ወሬ ደግሞ ትዝ አለኝ። ጃንሆይ በስደቱ ዘመን መጨረሻ ከዚሁ ከካርቱም ተነሥተው ነው በኦሜድላ ድንበሩን ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የተሻገሩት። ጓዙን የሚሸከሙት 15000 ያህል የሱዳን ግመሎች ነበሩ። ለአሸዋው ከግመል የሚሻል አልነበረም፤ ማንም ሰው ግመል ምረጥ ይል ነበር። ግን መንገዱ አሸዋ ብቻ አልነበረም። የጎጃም ድንጋይና ብርድ ሲመጣባቸው በየመንገዱ ወደቁ። ግንቦት ሳይብት ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ በሕይወት የደረሱት ግመሎች መቶ እንኳ አይሞሉም። አያትሽ ይህን ሲያወሩ የሚያዝኑት ለግመሎቹ ነበር። የእናንተም መንገድ ግማሹ ቆላ፣ ግማሹ ደጋ ነው። ለካርቱም አስፋልት የሚያምረውን አይታችሁ አትምረጡ፤ ከመንገዱ ሁሉ ክፉ የሆነውን ቦታ አስባችሁ ምረጡ።

ጎማ ላይ አትሰስቺ። ከጎኑ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ 2312 ቢል እ.ኤ.አ. በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሻጩ «አልተነዳበትም፣ አዲስ ነው» ቢልሽ እሱን አንብቢ። የካርቱም ፀሐይ የቆመ ጎማም ይበላል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ሥር የምታደርጊው ወፍራም ሳንቃ። ሎያንጋላኒ አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ ጎማ ይቆርጣል፤ ቀስ በሉ። የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ፍሬን ላይ አትተኙ፤ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። የኮሜሳ ቢጫ ካርዱን፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ፣ አትርሺ። ሌላውን ታውቂዋለሽ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ችንጋ የቀየርሽ ልጅ ነሽ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የኒያላው ልጅ ክፉ ነው አልልም። ቤታችን ገብቶ በልቷል፤ እናትሽን «ኡሚ» ይላታል፤ ጎበዝ ነው። ግን ጓደኛ መሆንና መኪና መሸጥ አንድ አይደሉም። መኪናውን የሚያመጣው እሱ፣ ወረቀቱን «አወጣላችኋለሁ» የሚለው እሱ፣ አብሮ የሚሄደው እሱ ከሆነ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢመጣ ማንን ትጠይቂያለሽ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አብራችሁ ሂዱ፤ መኪናው ግን ከሌላ ሰው ይገዛ፣ ሊብሬው በአንቺ ስም ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እቤት ውስጥ አናነሣውም።

ጎንደር ስትደርሱ አክስትሽ ቤት ታድራላችሁ። ጠላ ጠምቃ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅሽ። መኪናው ግቢ ሲገባ ትዞረዋለች፤ ነገር መጠየቅ ትወዳለች። ኮፈኑን ትዳብሰዋለች። «እንዴት ያለ መኪና ነው! ከየት መጣ?» ትልሻለች። ምን ትመልሽላታለሽ? ያ የሊብያ በረሃ ምን እንደሆነ ለእሷ ማን ይነግራታል? እስካሁን በሩን በሌሊት የማትቆልፈው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመኪናው ጀርባ ላይ ማን ተጭኖበት እንደነበር፣ ስንት ሰው ተደራርቦበት እንደነበር አንቺም አታውቂ፣ ልጁም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። «ሱቅ ሊብያ» በሚሉት ገበያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የማየው እንዲህ ያለውን መኪና ነው። እኔ አልችልም። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይ ይሆናል፤ አክስትሽ ግን አትችልም። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔ ያን አገር ለቅቄ ስወጣ በሌሊት ነው። እናቴ አልሸኘችኝም፤ እንዳትሸኘኝ ብዬ ነው ሳልነግራት የወጣሁት። መንገዱ ሲከፈት እሷ አልነበረችም። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ሲመለስ አንቺ ጡት ላይ ነበርሽ፤ ዛሬ ነገ ስንል እዚሁ ሸበትን። መቃብሯን ያየው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ አይደለሁም። አንቺ በቀን፣ በፀሐይ፣ ቀና ብለሽ ትገቢያለሽ። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሌሊት አለ፤ ከደስታም እንቅልፍ ይጠፋል። እንግዲህ በዚያ በር በሐሰት ቁጥር እንድትገቢ አልፈልግም። ፍለጋው የቱንም ያህል ጊዜ ቢወስድ ጉዞው ለኅዳር ይሁን፣ ካልሆነም ለጥር ይሁን፤ ጥምቀትን ጎንደር ትውያለሽ።

ገንዘቡ አነሰን ካላችሁ፣ ለጎንደሩ ቤት ቆርቆሮ ብዬ ያስቀመጥኳት አለች። ከእናትሽ ጋር ተነጋግረናል። ቆርቆሮው ይቆያል። እምቢ እንዳትዪ። ዘንድሮ ደህና ሃርድ ቶፕ ከድርጅቶች ጨረታ የሚገዙ ደላሎችን አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ድረስ ሄጄ አይልሻለሁ። የማየው እኔ ነኝ፣ የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ። ቀለሙን እንኳ አልናገርም፤ ነጭ ከሆነ ግን ለሙቀቱ ይሻላል።

እናትሽ በሶና ቆሎ እያዘጋጀች ነው፤ ለአንድ ክፍለ ጦር የሚበቃ። በርበሬውን እንዳትረሺ ብላሻለች። ሦስት ሰው ናችሁ ብላት «መንገድ ላይ ሰው ይጨመራል» አለችኝ። እሷም እንደኔ ትፈራለች፤ ፍርሃቷን በስንቅ ነው የምትናገረው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ይከተልሽ። ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይጠብቅሽ። የምታገኚው ሰው ሁሉ ቤቱን ይክፈትልሽ። ሄደሽ ተመለሺ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ የእኔን ዕድሜ ይጨምርልሽ።

መልስሽን ከመጻፍሽ በፊት ግን ለዚያ ልጅ «አይሆንም» በይው። ዛሬውኑ በይው፤ ቀብድ ሳይቀበል።

የዘወትር ናፋቂሽ፣
አባትሽ